ኮንቴይነሩ ቁጥር አለው፤ ልጃችንስ?

ይሄ ጽሑፍ ረዘም ይላል። ግን ስለ ባሕር በር የተጻፈ ነገር ባየን ቁጥር ላይክና ሼር የምናደርግ ልጆች ሁሉ እስከ መጨረሻው ብናነበው ደስ ይለኛል። እኔም ከእናንተው አንዱ ነኝ፤ የቀይ ባሕር ካርታ ፕሮፋይሌ ላይ ለወራት አድርጌ ነበር።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ እህቴ በዕጣ የደረሳት ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ። ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። የተማርኩት ኢንፎርሜሽን ሲስተም ነው፤ ሥራ ግን የለም። ሥራ የሌለው ሰው ደግሞ መንገድ ማየት ይለምዳል። የአዲስ አዳማ የክፍያ መንገድ የሚጀምረው እኛ ሰፈር ነው። ወጣ ብዬ ስቆም ከጅቡቲ መስመር የሚመጣው ተሳቢ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይተካል። ብረቱ፣ ማዳበሪያው፣ ዘይቱ፣ የለበስነው ልብስ ሳይቀር አብዛኛው በዚህ መስመር ነው የሚገባው። ከአገራችን የውጭ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚያልፈው በጅቡቲ ነው።

እንግዲህ ነገሬን ከዚህ ልጀምር።

እዚያ ተሳቢ ላይ የተጫነውን ኮንቴይነር ተመልከቱት። ጎኑ ላይ አራት ፊደልና ሰባት አኃዝ ተጽፎበታል። ያ ቁጥር በዓለም ላይ የእሱ ብቻ ነው። መርከብ ላይ ሲጫን ይመዘገባል፤ ዶራሌ ወደብ ሲራገፍ ይመዘገባል፤ ጋላፊ ወይም ደወሌ ሲደርስ ይታያል፤ ሞጆ ደረቅ ወደብ ወይም ቃሊቲ ሲገባ ይጠበቃል። ጉምሩክ በመንገድ ላይ ያሉ ጭነቶችን የሚከታተልበት ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ አለው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ጉምሩክን፣ ባንኮችን፣ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪውንና ሌሎች ፈቃድ ሰጪዎችን የሚያገናኝ “አንድ መስኮት” የሚባል ሥርዓት ተዘርግቷል። ነጋዴው ሰነዱን አንዴ ያስገባል፤ መሥሪያ ቤቶቹ እዚያው ያዩታል። ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ ሲስተም የለም ይባላል፤ አውቃለሁ። ግን ሥርዓቱ አለ። ማለትም ይሄ አገር የተለያዩ መሥሪያ ቤቶችን መረጃ ማገናኘት ይችላል። ሲፈልግ።

አሁን ስለ አንድ ልጅ ልንገራችሁ።

ከእኛ ብሎክ ቀጥሎ ያለው ላይ አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን አልጽፍም፤ እኛ እማማ ነው የምንላቸው። ትንሹ ልጃቸው ከወሎ ተነስቶ በአፋር አድርጎ ወጣ። ለመጨረሻ ጊዜ ሲደውል “ኦቦክ ነኝ፣ ዛሬ ማታ ሳንሻገር አንቀርም፣ አታስቢ” አላቸው። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ።

እማማ ማንበብ ስለማይችሉ አብሬያቸው የዞርኩት እኔ ነኝ። አራት ቦታ ሄደናል። አንዱ ጋ “እኛ የምናውቀው በሕጋዊ መንገድ የወጣውን ነው” ተባልን። ሁለተኛው ጋ “ከተነሳበት ወረዳ ያጽፉ” አሉን። ወረዳው ጋ በስልክ ስንጠይቅ “አዲስ አበባ ነው የሚታየው” አሉ። አራተኛው ጋ አንድ ደግ ሰውዬ ወንበር ሰጥተው፣ ውሃ አቅርበው፣ “እናቴ፣ ከዚያ የሚመጣ የስም ዝርዝር እዚህ አይደርሰንም” አሉን። በአራቱም ቦታ ስሙን በእጅ ጻፉት፤ በአራት የተለያየ ደብተር። አንዱ ደብተር ሌላውን አያውቀውም።

እኔ ያኔ ነው የገባኝ። ልጁ ኮንቴይነር ቢሆን ኖሮ የት እንደደረሰ በአንድ ቀን ይነገረን ነበር።

“ታዲያ ይሄ ከባሕር ድንበር ጋር ምን አገናኘው? እኛ ባሕር እንኳን የለንም” ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው።

ባሕሩን እንዴት እንዳጣነው ሁላችንም እናውቃለን። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን ኢትዮጵያ ወደብ አልባ ሆነች። አሰብን መጠቀም የቀረው ደግሞ በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ነው። መርከበኞቹ ተበተኑ። በ2010 ዓ.ም. ባሕር ኃይሉ እንደገና ይቋቋማል ተባለ፤ በቀጣዩ ዓመት ከፈረንሳይ ጋር የትብብር ስምምነት ተፈረመ። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአንካራው መግለጫ መጣ። ይሄን ሁሉ ተከታትለናል፣ ተከራክረንበታል፣ አንዳንዶቻችን ተሰዳድበንበታል።

ያልተከታተልነው ግን አንድ ነገር አለ። ኢትዮጵያ ወደብ ሳይኖራት የባሕር ደኅንነት ስምምነት ፈራሚ ነች። ጥር 21 ቀን 2001 ዓ.ም. ጅቡቲ ከተማ ላይ የጅቡቲ የሥነ ምግባር ደንብ የሚባለው ስምምነት ሲፈረም ከመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ፈራሚዎች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ከጅቡቲ፣ ከኬንያ፣ ከሶማሊያ፣ ከየመን፣ ከታንዛኒያና ከሌሎቹ ጋር። ያኔ ትልቁ ጉዳይ የሶማሊያ የባሕር ላይ ወንበዴ ነበር። የስምምነቱ ዋና ሥራ ደግሞ መርከብ መግዛት አልነበረም፤ መረጃ መለዋወጥ ነበር። ሰንዓ፣ ሞምባሳና ዳሬሰላም ላይ የመረጃ መለዋወጫ ማዕከላት የተቋቋሙት ለዚሁ ነው። ጥር 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ጅዳ ላይ ደንቡ ሲሻሻል ከወንበዴው በተጨማሪ በባሕር ላይ የሚፈጸም የሰዎች ዝውውርና ሕገወጥ ማሻገር ተካተተበት። እዚያም ፈርመናል። የተሻሻለው ደንብ የሚለው እያንዳንዱ አገር መጀመሪያ ቤቱ ውስጥ ያሉትን መሥሪያ ቤቶች አገናኝ፣ ከዚያ ከጎረቤት ጋር ተለዋወጥ ነው።

አሁን አንድ ቀን ልንገራችሁ። ጥር 21 ቀን 2011 ዓ.ም.። ስምምነቱ በተፈረመ ልክ በአሥረኛ ዓመቱ፣ በዚያው በጅቡቲ፣ ኦቦክ አካባቢ ጎዶሪያ በሚባለው ጠረፍ ሁለት ጀልባ ተገለበጠ። ከ50 በላይ ሰው ሞተ። አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን እንደነበሩ ነው የተዘገበው። ጥር 21 ለብዙ ቤት አስተርእዮ ማርያም ናት። ስንት እናት ጠላ ጠምቃ፣ ድፎ ደፍታ፣ ልጇን “የት ደርሶ ይሆን” ስትል እንደዋለች አስቡት።

ከዚያ በኋላም አላቆመም። ሚያዝያ 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ኦቦክ ጠረፍ ከ40 በላይ ሞቱ። መጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. እዚያው ጎዶሪያ ቢያንስ 38፣ ሕፃናት ጭምር። ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ሶማሌና ኢትዮጵያውያን የጫነች 260 ሰው የነበረባት ጀልባ የመን ጠረፍ ሰጠመች፤ 49 አስከሬን ተገኘ፣ 140 ሰው ጠፋ። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. አብያን ጠረፍ ከ150 በላይ ሰው የጫነች ጀልባ ተገለበጠች፤ አብዛኞቹ የኛ ልጆች ነበሩ።

በዚያ ባሕር በጠባቡ ቦታ ከአፍሪካ እስከ የመን ያለው ርቀት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ተነስታችሁ ቢሾፍቱ እንደመድረስ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። ተቀጥሬ ባልሠራበትም ተምሬዋለሁና።

ሰዎች “መንግሥት መረጃ የለውም” ይላሉ። እኔ እንደሱ አይመስለኝም። መረጃው አለ፤ ተበታትኗል እንጂ። ቀበሌው የትኛው ቤት ልጅ እንደሌለ ያውቃል። ትምህርት ቤቱ የትኛው ተማሪ ከመቅረት አልፎ እንደጠፋ በስም መጥሪያው ላይ አለው። ባንኩ ለደላላ የገባውን ገንዘብ ይዟል። የፋይናንስ ደኅንነት አገልግሎት የሚባል አጠራጣሪ የገንዘብ ዝውውር የሚመረምር መሥሪያ ቤት አለ። ፌዴራል ፖሊስ አለ። ከሳዑዲ ተመልሰው ቦሌ የሚያርፉት ወንድሞቻችን ማን እንዳሻገራቸው፣ የት እንደታገቱ፣ ለማን እንደከፈሉ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ጅቡቲ ኤምባሲ አለን። ዓለም አቀፉ የስደት ድርጅት አይኦኤም ኦቦክ ላይ የስደተኞች ማዕከል አለው። ሁሉም እጁ ላይ አንድ አንድ ቁራጭ አለ።

ለምሳሌ እንበል። ቆቦ ላይ አንድ አባት በሬ ሸጠው ለልጃቸው ማስለቀቂያ በአንድ የባንክ ሂሳብ ያስገባሉ። ጅማ ላይ አንዲት እናት ተበድረው እዚያው ሂሳብ ውስጥ ያስገባሉ። ሁለቱም ለየአካባቢያቸው ፖሊስ አመለከቱ። ቆቦ ያለው መርማሪ አንድ የሂሳብ ቁጥር ይዟል፤ ጅማ ያለውም አንድ የሂሳብ ቁጥር ይዟል። ሁለቱ ወረቀቶች ካልተገናኙ ሁለት ተራ አቤቱታ ናቸው፤ ፋይል ውስጥ ገብተው አቧራ ይጠጣሉ። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን አንድ የደላላ ሰንሰለት ነው። ከሳዑዲ የተመለሰ ሦስተኛ ልጅ ደግሞ ያንኑ ሰውዬ በስልክ ቁጥሩ ይጠቁማል። ይሄን ለማገናኘት ሳተላይት አያስፈልግም። የባሕር ኃይልም አያስፈልግም። ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሆነን የሠራነው ፕሮጀክት ከዚህ ይከብዳል።

“እሱ ቀላል ቢሆን ኖሮ ትልልቆቹ አገሮች አይቸገሩም ነበር” ካላችሁ፣ ልክ ናችሁ፤ ተቸግረዋል። ሕንድን እዩ። ሕንድ ትልቅ ባሕር ኃይል ያላት፣ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ያላት አገር ነች። በኅዳር 2001 ዓ.ም. አሥር ታጣቂዎች በባሕር መጥተው፣ አንድ የዓሣ ጀልባ ጠልፈው ሙምባይ ገቡ፤ 166 ሰው ተገደለ። ማስጠንቀቂያ አልነበረም እንዳይባል የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ቁርጥራጭ ምልክት ነበራቸው፤ አንድ ቦታ የሚገጣጠምበት ሥርዓት ግን አልነበረም። ከዚያ በኋላ ነው የባሕር ኃይሉንና የጠረፍ ጠባቂውን ራዳሮች የሚያገናኝ ማዕከል ዴልሂ አጠገብ ጉርጋኦን ላይ የከፈቱት፤ ስድስት ዓመት ፈጅቶባቸው። መርከቡ ነበራቸው። የጎደለው መገናኘቱ ነበር።

እኛ ደግሞ መርከቡን እየጠየቅን መገናኘቱን ረስተነዋል። ነገ ወደብ ቢገኝ፣ ባንዲራችን ባሕሩ ላይ ቢውለበለብ፣ ደስታዬ ወደር የለውም። ግን ወደቡን የሚጠብቁት እነዚሁ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። አራት ደብተራቸውን አራት ቦታ ይዘው ባሕር ዳርቻ ቢሄዱ ምን ይለወጣል? ጠረፍ የሚጠበቀው ጀልባው ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው። የእኛ ጀልባ ደግሞ የሚሞላው ወሎ ውስጥ፣ ጅማ ውስጥ፣ አርሲ ውስጥ፣ ሐረርጌ ውስጥ፣ ትግራይ ውስጥ ነው።

አሁን ሁለት ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ቀድሜ ልመልስ።

አንደኛው፦ “ችግሩ ሥራ አጥነት ነው፣ መረጃ ምን ያደርጋል?” ወንድሜ፣ ይሄን ለእኔ ትነግረኛለህ? እኔ ራሴ “ልሂድ እንዴ” ብዬ ያሰብኩበት ሌሊት አለ። ሥራ ካልተፈጠረ ልጁ መሄዱን አያቆምም፤ አምናለሁ። ግን ሥራ እስኪፈጠር ድረስ ደላላው እየሰበሰበን ይኑር ማለት ነው? የሞተውስ ስም አይኑረው ማለት ነው?

ሁለተኛው ከባድ ነው፦ “ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መረጃችንን አገናኙ ብሎ መለመን ራስን ማሰር አይደለም ወይ?” ይሄን ፍርሃት አልንቀውም። ደላላ ወገን ያለው ቢሮ ውስጥም ነው ይባላል በየሰፈሩ። የመሰከረችው እናት ስም ተመልሶ ደላላው እጅ ከገባ ማን ይጠብቃታል? ነገ ደግሞ ለስደት ተብሎ የተገናኘው መረጃ ፌስቡክ ላይ ለጻፍኩት ነገር ማሳደጃ ቢሆንስ?

ስለዚህ ነው “አገናኙ” ብቻ ማለት የማይበቃው። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ ይዋል የሚል መርህ ያለው ሕግ ነው። እሱን አንብቡት፣ ያዙት። ሰው ለማፈላለግ የተሰጠ ስም ሰው ለማፈላለግ ብቻ። መዝገቡን የከፈተ ሠራተኛ ሁሉ ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደከፈተ፣ ለምን እንደከፈተ ይመዝገብ። ይሄ የሲስተም ሀሁ ነው፤ ማንኛውም ባንክ ያደርገዋል። የደብተሩን አሠራር ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ደብተር ማን እንዳገላበጠው አይናገርም። በአግባቡ የተሠራ ሲስተም ይናገራል።

የሰዎች ዝውውርን ለመከላከል የወጣ አዋጅ ቁጥር 1178 ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የባንክ ሂሳብ ልክፈት ስትሉ ፋይዳ ይጠየቃል። ሕጉ አለ፣ መታወቂያው አለ፣ የአንድ መስኮት ልምዱ አለ። ታዲያ የምንጠይቀው ምንድን ነው?

1ኛ፦ አንድ የጠፉ ሰዎች መዝገብ። እማማ ቱሉ ዲምቱ ወረዳ ላይ ያስመዘገቡት ስም ከወሎውም፣ ከፌዴራሉም፣ ጅቡቲና የመን አስከሬን ሲገኝ ከሚላከው ዝርዝርም ጋር በራሱ የሚተያይ። አንዲት እናት አራት ቢሮ አትዙር።

2ኛ፦ ተመላሾች ቦሌ ሲያርፉ የሚሰጡት ቃል፣ በፈቃዳቸውና ስማቸው ተጠብቆ፣ ስልክ ቁጥሩም ሂሳብ ቁጥሩም በዚያው ሳምንት መርማሪው ጋ ይድረስ።

3ኛ፦ የጅቡቲውን ደንብ የፈረመው መንግሥት በዓመት አንዴ ለምክር ቤት ሪፖርት ያቅርብ። የትኛው መሥሪያ ቤት ነው ተጠሪው? ስንት የደላላ ሰንሰለት ተበጠሰ? ስንት ሟች በስሙ ታወቀ?

4ኛ፦ መረጃውን ያለ ሥራው የከፈተ ሰው ይጠየቅ። በአደባባይ።

ከመንግሥት ብቻ አይደለም የምጠይቀው፤ ከእናንተም ነው። ዘመዱ የጠፋበት ሰው ስታውቁ የደላላውን ስልክ፣ ገንዘብ የገባበትን ሂሳብ፣ ቀኑን በወረቀት አስጽፉት፤ ደረሰኙን አይጣል። አመልክተው ከሆነ የመዝገብ ቁጥር ይቀበሉ። የጠፋ ልጅ ፎቶ ከእናቱ ስልክ ጋር ዝም ብላችሁ አትለጥፉ፤ “አግኝቼዋለሁ፣ ብር ላኩ” የሚል አጭበርባሪ ሊደውል ይችላል። “ሳዑዲ ገባሁ” የሚለውን ቪዲዮ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ያልገቡትን አስቡ፤ እነሱ ቪዲዮ አይለቁም።

ቀይ ባሕር ታሪካችን ነው፣ ጥቅማችን ነው እንላለን። እኔም እላለሁ። ግን ባሕሩ ዛሬ ለብዙ ቤተሰብ ታሪክ አይደለም፤ መቃብር ነው። ኦቦክ አካባቢ አሸዋ ውስጥ ስም ያልተጻፈባቸው የስደተኛ መቃብሮች አሉ። ለባሕሩ የሚቆረቆር ወጣት እዚያ ለተኙት ካልተቆረቆረ ፍቅሩ ለካርታው ነው፣ ለሰው አይደለም።

እማማ ትናንት ማታ ጠርተውኝ ነበር። ስልካቸው ቻርጅ አልይዝ ብሏቸው። ባትሪው አርጅቷል። “ልጄ፣ ሌላ ስልክ ይግዙ ትለኛለህ አይደል? ቁጥሩ ይቀየር ይሆን ብዬ ነው የፈራሁት” አሉኝ። ሲም ካርዱ ያው ነው፣ ቁጥሩ አይቀየርም ብዬ አስረዳኋቸው። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

በእናንተ ሰፈር፣ በእናንተ ወረዳ ሰው ሲጠፋ የት ነው የሚመዘገበው? ሄዳችሁ ጠይቁና ያገኛችሁትን መልስ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ የቤተሰብ ስምና ስልክ ሳትጠቅሱ። እሰበስበዋለሁ። ጊዜ እንደሆነ አለኝ።